ዋንዛውን የተዉ ንቦች

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ሆዱ ውስጥ ንብ የሰፈረበት አንድ ያረጀ ዋንዛ ነበር። ከየትም መንጋ የመጣች ንብ ገብታ ሰሟን ትጨምራለች፤ ማሩም የሁሉም ነበር። እያደር ግን ዋንዛው ልቡ አበጠና፣ «ከእንግዲህ እኔን ሳታስፈቅድ የምትገባ እንዳትኖር!» አለ።

የንቦቹ ንግሥት ተቆጣች። ይህን የሰማ በአቅራቢያው ያለ አንድ የገደል አለት፣ «የእኔ ስንጥቅ ሰፊ ነው፤ ማንንም አልከለክልም፤ ኑ» አላት።

የቀፎውን በር የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ንብ ግን፣ «እሜቴ፣ አበባ ፍለጋ የወጡት እስኪገቡ እንቆይ» ስትል ለመነች።

ንግሥቲቱም፣ «ንብ አይደሉ? ጠረናችንን ተከትለው ይመጣሉ» አለችና በጠራራ ፀሐይ መንጋውን አስነስታ ሄደች።

አለቱ ቃሉን አላጠፈም፤ ቤቱ ሰፊና ደረቅ ነበር። ግን መሽቶ ነጋ፤ ዝናብም ጥሎ አባራ፤ ከአበባ የተመለሰች አንዲት ንብ እንኳ አልመጣችም። በረኛዋ አሮጊት ወደ ዋንዛው በረረች። ባዶው ቤት ውስጥ፣ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት እንደያዙ፣ ብርድ ፈጅቷቸው አገኘቻቸው። በሕይወት የተረፉት ጥቂት ነበሩ።

«ምነው ሳትፈልጉን ቀራችሁ?» አለች እያለቀሰች።

አንዷ በጭንቅ ቀና ብላ፣ «ስንወጣ ቤታችን እዚህ ነበር» አለቻት።

ተረቴን መልሱልኝ። በረኛዋ ግን ወደ አለቱ አልተመለሰችም።