ከበሩ ራስ ላይ የቀረው የአንጓች እጅ

አርፋችሁ ተቀመጡና ስሙ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ቆርቆሮ በስም እንኳ ባልታወቀበት፣ የሰው ቤት ሁሉ ከእንጨት፣ ከጭቃና ከሣር በሚሠራበት ዘመን፣ ዋንዛ በር በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል። ልጅ አልነበራትም። ለሰው ቤት ጭቃ እየረገጠች፣ ግድግዳ እየመረገች ትኖር ነበር። ድግስ ሲኖር ከበር አጠገብ ያስቀምጧት ነበር፤ እግሯ ጭቃ አያጣውምና።

በአንድ የሚያዝያ ቀን በመንደሩ እሳት ተነሣ። ነፋስ ነበረ። ከመንደሩ አንድም ቤት አልተረፈም፤ ሰው ግን ተረፈ። ሕዝቡ ከዋርካው ሥር ሰፈረ። ከመካከላቸው ጥሩዬ የምትባል አራስ ነበረች፤ ሕፃኗ ከተወለደ ገና አምስት ቀኑ ነው። ቁርበት ወጥረው አስጠለሏት። ዝናብ ሳይመጣ ቤት ካልተሠራላት ሕፃኑ ብርዱን እንደማይችለው ሁሉም ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የጭድ ነበር። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የመንደሩም ክምር ሁሉ ነድዷል። ከሸለቆው ማዶ አንድ የጤፍ ጭድ ክምር ብቻ ቀርቷል፤ እርሱም አንጓች ለአንዲት ላሟ ያስቀመጠችው ነው። አንጓች ላሟን በሌላ መንደር ለምትኖር እኅቷ ሰጠች። ጭዱን ተሸክማ አመጣች። ማንም አልጠየቃትም።

ሁለተኛው ፈተና የትዕግሥት ነበር። ወንዶቹ ለአራሷ ቤት እንጨቱን አቆሙ፤ ጣሪያውን በሣር ከደኑ። አንጓች ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረገጠችና፣ «ሰባት ቀን ይቡካ» አለች። የመንደሩ ጭቃ ሹም ደምለው ይህን ሰማ።

«ሰማዩን አታዪም እንዴ? ዛሬውኑ ምረጊ።»

«ያልቦካ ጭቃ ግድግዳ አይዝም፣ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ ጭቃ ሹሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«ሹመቱ የእርስዎ ነው፤ ጭቃው የእኔ ነው።»

ሕዝቡ ሳቀ። ደምለው ተቆጣ። የራሱን ቤት በዚያው ሳምንት ባልቦካ ጭቃ፣ ያለ ጭድ አስመረገና ገባበት። በየጠዋቱም እያለፈ፣ «አንጓች፣ ጠላ ነው የምትጠምቂው?» ይላት ነበር። አንጓች ግን ሥራዋን ቀጠለች። ጭቃውን በየቀኑ ውኃ ታጠጣዋለች፤ ትረግጠዋለች፤ ትሸፍነዋለች። በሰባተኛው ቀን ጭቃው ሸተተ። ያን ጊዜ መረገች።

ሦስተኛው ፈተና የዝናብ ነበር። ግድግዳው ደረቀ። አንጓች ልስኑን ጀመረች። ከበሩ ራስ ላይ ደርሳ ሳለ፣ በድንገት፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አንጓች እጇን ካሳረፈችበት አነሣች። አራሷን ከነልጇ አስገባች። ሽማግሌዎቹን አስገባች። የቀረውንም ሕዝብ አስገባች። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆሙ። ጥቂት ቆይቶ ደምለው ከነሚስቱ ውኃ እያንጠባጠበ ደረሰ።

«ግድግዳው ተናደ» አለ።

«ይግቡ» አለችው አንጓች። «ከበሩ አጠገብ ቦታ አለ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሰው ሁሉ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። አንድ ጉርሻ የምታህል ጭቃ እንኳ አልረገፈችም። ሕፃኑ ይህን ሁሉ ተኝቶ አሳለፈው። ጥሩዬ አለቀሰች፤ ከዚያም ሳቀች፤ ሕዝቡም እፎይ አለ። በማግሥቱ ደምለው ሱሪውን ሰብስቦ ከአንጓች ጋር ጭቃ ረገጠ። ሰባት ቀንም ጠበቀ።

አንጓች ልስኗን ልትጨርስ ስትመለስ፣ ከበሩ ራስ ላይ የአምስት ጣቷ አሻራ ደርቆ አገኘችው። ልታስተካክለው ስትል ጥሩዬ፣ «ተዪው» አለቻት።

ስለዚህ በዋንዛ በር ሰባት ቀን ያልቦካ ጭቃ አይመረግም፤ ከበሩም ራስ ላይ የመራጊዋ እጅ ሳይታተም ልስን አያልቅም። ቤቱ በሚመረቅበት ዕለት ደግሞ የቤቱ ጌታ፣ ሹም ቢሆን እንኳ፣ ከበር አጠገብ ይቀመጣል። ከላይ የምትቀመጠው ጭቃውን የረገጠችው ናት፤ እግሯንም ታጠቢ የሚላት የለም።