ሽማግሌው ጓሮ ሲሄዱ

አንዳንዱን አባባል ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ ቅጠላ ቅጠል የተነገረ ይመስላል። በደጀን በኩል ሰው የቸገረውን በግልጽ ሳይናገር ቀርቶ የባሰ ሲገጥመው የሚሉት አባባል ግን ከአንድ የጋብቻ ሽምግልና የመጣ ነው።

አቶ ይስማው ለወንድማቸው ልጅ እንጉዳይ የምትባል ልጃገረድ ሊጠይቁ ከአባ ስንሻው ጋር ወደ ልጅቷ እናት፣ ወደ ወይዘሮ ትሁኔ ቤት ሄዱ። በመንገዳቸው ዘመድ ቤት ጎራ ብለው ጠላ ጠጥተው ነበር፤ ያውም ብዙ። ደጃፍ ሲደርሱ አቶ ይስማው ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርሱ፣

«እሜቴ፣ ጓሮው በየት በኩል ነው?» አሉ።

ጓሮ ያሉት ሰው ሁሉ ሲጨንቀው እንደሚለው ነው። ወይዘሮ ትሁኔ ግን ሽማግሌ እንደሚመጣ አስቀድመው ሰምተዋል፤ ጓሮውን የምትንከባከበው ደግሞ እንጉዳይ ናት። የልጄን ሙያ ሊያዩልኝ ነው ብለው ደስ አላቸው።

«ይምጡ፣ እኔው ላሳይዎ።»

«ኧረ አይድከሙ! እኔ ብቻዬን...»

«እንዴት ተደርጎ! እንግዳ ብቻውን ጓሮ ይገባል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አቶ ይስማው ግን ልጃቸውን ሊለምኑ በመጡባቸው ሴት ፊት «ሽንቴ መጣ» ከሚሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። አባ ስንሻውን ደጃፍ ላይ ትተው ተከተሏቸው።

«ይኸ ጎመን ነው። ያፈላችውም እሷ፣ የተከለችውም እሷ።»

«ጥሩ ጎመን ነው።»

«ቆመው ምን ያዩታል? ጎንበስ ይበሉ እንጂ!»

መጎንበሱ የማይሞከር ነበር። ከጎመኑ ወደ ጌሾው፣ ከጌሾው ወደ ድንቹ፣ ከድንቹ አጥር ላይ ወደተሳበው ዱባ ተሄደ። ጤና አዳም ተቀንጥቦ ተሰጣቸውና አሸተቱ። የተተከለው አልቋል ብለው ሲተነፍሱ፣ ማንም ያልተከለው ተጀመረ።

«ይኼ ዳማከሴ እንዲያው በራሱ ነው የበቀለ። ንቀዪው ብላት፣ እማዬ ለምች ይሆነናል ብላ ተወችው። አስተዋይ ናት።»

«አስተዋይ ናት! ገብቶኛል፣ አስተዋይ ናት!» አሉ አቶ ይስማው፣ አንዱን እግራቸውን በሌላው ላይ አጣምረው።

«የቸኮሉ ይመስላሉ።»

«ኧረ በፍጹም!»

«እንግዲያው ያስቀመጠችውን ዘር ከቤት ላምጣና ይዩት።»

ወይዘሮ ትሁኔ ጀርባቸውን ሲሰጡ አቶ ይስማው ሮጠው ከአጥሩ ጥግ ያለው አረም ውስጥ ገቡና ቁጢጥ አሉ። የተቀመጡበት ሳማ ነበር። ሊጮኹ ሲሉ የሴትየዋን ኮቴ ሰሙና ጋቢያቸውን ነክሰው ተነሡ።

ቤት ሲገቡ ሁለቱም ሽማግሌዎች በደንቡ መሠረት እንደቆሙ ልጅቷን ለልጃቸው ለመኑ። ወይዘሮ ትሁኔ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥተው «ተቀመጡ» አሉ። አባ ስንሻው ተቀመጡ። አቶ ይስማው እንደቆሙ ቀሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይቀመጡ እንጂ።»

«አልቀመጥም፣ እሜቴ።»

የወይዘሮ ትሁኔ ሆድ ባባ። «ስንት ሽማግሌ አይቻለሁ፤ እያለቀሰ የለመነኝ ግን የለም። በቃ፣ ቀጠሮውም ይቅር፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። አሁን ይቀመጡ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እዚሁ ይሻለኛል።»

«ምን ማለት ነው? ልጄን ወስዶ መደቤን የሚጸየፍ ዘመድ ነው የመጣብኝ?» ወይዘሮ ትሁኔ ከተቀመጡበት ተነሡ። «እንዲህ ከሆነ ቃሌን አነሣለሁ!»

አባ ስንሻው ደነገጡ። «ሰውዬ፣ ምን ነካህ? የተሰጠንን ልታስነጥቀን ነው? ተቀመጥ!»

አቶ ይስማው አቀርቅረው በጆሯቸው አንሾካሾኩላቸው። አባ ስንሻው ምርኩዛቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁና ነገሩን ከጓሮው ጀምረው ለወይዘሮ ትሁኔ ዘረዘሩላቸው።

«ታዲያ ምነው አይነግሩኝም!» አሉ ወይዘሮ ትሁኔ ራሳቸውን ይዘው። ቃላቸውን አጸኑ፤ እንጉዳይንም ቅቤ እንድታመጣ ላኳት።

አቶ ይስማው ቅቤውን ተቀብለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ተመልሰው ወደ ጓሮ ሲወጡ አባ ስንሻው ከኋላቸው «በጉዳዩ ያፈረ፣ ሳማ ላይ ሰፈረ!» አሉ።