ጃርት የጠበቀው ማሽላ

ተረት ተረት ስል የላም በረት በሉኝ።

አያ ጃርት ፈሪ ነበር። ማሽላውን አጭዶ እንደወቃ ጉድጓድ ሊከተው ተቻኮለ። ጎረቤቱ እመት አይጥ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሞከረቻት።

«ቀጭ አላለችም፤ እርጥብ ናት። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስጣው እንጂ፣ አያ ጃርት!»

«ሦስት ቀን ሙሉ? ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና እያየችኝ?» ብሎ እህሉን ከተተና የጉድጓዱን አፍ በእበት ደፈነ። በጋውን ሙሉ ኮሽ ባለ ቁጥር እሾሁን እያቆመ፣ እንቅልፍ አጥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ።

ክረምት ገብቶ የሚበላ ሲጠፋ እመት ጦጢት መጣች። ጠጋ ብላ አሸተተችና አፍንጫዋን ይዛ ሮጠች።

«አየሽ እመት አይጥ? አንዲት ፍሬ እንኳ አላስነካሁም!» አለ ጃርት፣ አሁንም እሾሁን እንዳቆመ።

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦዬን ሳይሻግት አምጡልኝ።