የአህያ ማርና የወንዝ ማዶ ገበያ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ማር ሞልቶ የተረፈበት፣ ጨው ግን ፈጽሞ የጠፋበት መንደር ነበር። ንቦቹ በየግራሩ ላይ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ ማሩ ግን በላተኛ አጥቶ ቅሉ ውስጥ ይደርቃል። ጨው የሚገኘው ከወንዙ ማዶ፣ በአያ አንበሶ ገበያ ብቻ ነው። ፍየሎቹ ጨው ቢያጡ ድንጋይ መላስ ጀመሩ፤ ግልገሎቻቸውም ከስተው እግራቸው ይብረከረክ ነበር።

ይህን አይታ አላስችል ያላት አህያ ናት። አህያ ጠንካራ ጫንቃ እንጂ ደፋር ልብ አልነበራትም። ያም ሆኖ «እኔ እወስደዋለሁ» አለችና ማሩን በቅል አስሞልታ፣ ግራና ቀኝ ተጭና ወደ ወንዙ ወረደች።

በወንዙ መሻገሪያ ላይ ዘበኛ ሆኖ የቆመው ጅብ ነበር። አያ አንበሶ «ነጋዴ የበላ ወዮለት!» ብሎ ስላስጠነቀቀው አህያን አይነክሳትም፤ ሲያያት ግን ምራቁ እስከ አገጩ ወረደ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ ጅቦ? ማር ይዤ ወደ ገበያ ነበር» አለች እየተንቀጠቀጠች።

«ይቀመሳል!» አለ ጅብ። ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። አንዱ ቅል እስኪጋመስ ድረስ ቀመሰና ከንፈሩን እየላሰ «አይገባም!» አላት።

«ምን ጎድሎት?»

ምን እንደጎደለው ጅብም አላወቀም። ዞር ብሎ ከቁጥቋጦው ጥላ ሥር የተጋደመችውን ቀበሮ አያት። ቀበሮ ሳትነሣ፣ «ቅሉ አንገተ ረጅም ነው በላት» ብላ አንሾካሾከችለት።

«ቅሉ አንገተ ረጅም ነው!» ሲል ጮኸ ጅብ።

አህያ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሳ፣ ቅሉን ለውጣ መጣች። «ማሩ ቀይ ነው፤ ማዶ የሚፈለገው ነጭ ነው» ተባለች። ነጩን ይዛ መጣች። አሁን ደግሞ «የንብ ክንፍ አለበት» ተባለች። ሰበቡ በየጊዜው ቢለዋወጥም ቅምሻው ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ቀበሮ አቧራዋን አራግፋ ቀረበቻት። «እኅቴ እመት አህያ፣ እግርሽ አለቀ እኮ! ምን አደከመሽ? ማሩን ለእኔ ተዪልኝና አንድ እፍኝ ጨው ልስጥሽ። እኔ ማዶ ዘመድ አለኝ።»

አህያ ግልገሎቹ ትዝ አሏት። እፍኝም ቢሆን ጨው ነው ብላ ሸክሟን አራገፈችና እፍኟን ተቀበለች። ገና ፊቷን ሳታዞር ግን ቀበሮ ያንኑ ማር፣ በዚያው ቅል፣ ከነንብ ክንፉ ተሸክማ በጅብ ፊት ስታልፍ አየች። ጅብ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ወዲያው ከማዶ ጩኸት ተሰማ፦ «የቀበሮ ማር መጣ! የቀበሮ ማር!»

አህያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

መንደሯ ገብታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። «ተንኮል ነው! ያሉኝ ሁሉ ውሸት ነው!» አለች።

አሮጊቷ ኤሊ አንገቷን ከድንጋይ ልብሷ ቀስ ብላ አወጣች። «ቆይ እስቲ ልጄ። የንቡ ክንፍስ? የለበትም?»

አህያ ጆሮዋን ጣል አደረገች። «እሱስ... አለበት።»

«እንግዲያው እሱን እኛ እናጥራው። ሌላውን ግን አብረን ሄደን በአደባባይ እንጠይቃለን። አንቺን ብቻሽን መላካችንም ጥፋት ነው።»

ጦጣ ከሣር ወንፊት ሠራች፤ ማሩ ተጣርቶ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። በገበያው ቀን ፍየሎቹ፣ ኤሊና ጦጣ አህያን አጅበው ወረዱ። ቀበሮ ማዶ ገበያ ላይ ስለነበረች ጅብ የሚነግረው አጣ።

«ቅሉ... ቅሉ አንገተ አጭር ነው! አይገባም!» አለ።

«ባለፈው አንገተ ረጅም ነው ብለው መልሰውኝ ነበር እኮ» አለች አህያ።

ጅብ አሰበ፣ አሰበ። «እንግዲያው አንገተ መካከለኛ ነው!»

ፍየሎቹ በሳቅ ፈነዱ። አህያ ግን አልሳቀችም። ያን ሁሉ ድካሟን አስባ በዕድሜዋ ያላናፋችውን ያህል አናፋች። ማዶ ያለው ገበያ ጸጥ አለ። አያ አንበሶ ራሱ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ዳር መጣ፤ ቀበሮም ከኋላው ተከተለች።

«ማነው የሚጮኸው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች አህያ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ማራችን ጉድለት ካለበት ይነገረን፣ እናርመዋለን፤ አርመንም መጥተናል። ግን ደንቡ ለእኛ አንድ፣ ለእመት ቀበሮ ሌላ አይሁንብን።»

አንበሳ ወንዙን ተሻግሮ ከማሩ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። «ይህማ ያው የቀበሮ ማር ነው! የንብ ክንፉ ብቻ የለበትም።»

ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ። «እኔ እንኳ... ላስተዋውቅላቸው ብዬ ነበር» አለች ጅራቷን እየሸጎጠች።

አንበሳ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያም ኮስተር ብሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ ንጹሕ የሆነ ሁሉ ይገባል። አንተም ጅቦ፣ በዓይንህ እንጂ በምላስህ አትመርምር!» አለ።

ያን ዕለት ግልገሎቹ እስኪበቃቸው ጨው ላሱ። በሌላው የገበያ ቀን ደግሞ ከየአቅጣጫው አዳዲስ ነጋዴዎች መጡ፤ ጃርት ሰሊጧን፣ ጅግራ ማሽላዋን ይዘው ወንዙ ዳር ፈርተው ቆሙ። አህያ ቀድማቸው ውኃው ውስጥ ገባችና፣ «ይቺ ድንጋይ ታዳልጣለች፤ እኔን ተደግፋችሁ በዚህ በኩል እለፉ» አለቻቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የገበያ በር ሲዘጋብን የራሳችንን ጉድለት በቅንነት አርመን፣ ያለ አግባብ የተጫነብንን ደግሞ አብረን ቆመን በግልጽ መጠየቅ እንዳለብን ነው።