ሳይመረቅ የቆየው ድንኳን

አንድ የእድር ዳኛ ነበሩ፤ ጋሽ ወንድይራድ ይባላሉ። በእሳቸው ዘመን የእድሩ ዕቃ ቤት ሞልቶ ተትረፈረፈ። ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ አካፋና ዶማው አንድም አልጎደለም። በቅርቡ ደግሞ ዝናብ የማያስገባ አዲስ ድንኳን አስገዝተዋል። ችግሩ፣ ድንኳኑ ከተገዛ ወዲህ በሰፈሩ ሰው አልሞተም። ጋሽ ወንድይራድ ለዚህ ፈጣሪን ያመሰግናሉ፤ ትንሽ ግን ቅር ብሏቸዋል።

በወሩ ስብሰባ ላይ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር የሺሐረግ ተነስታ፣ "እድራችን የደም ግፊት መለኪያ ቢገዛስ? መዋጮ ልንከፍል በመጣን ቁጥር እንለካ ነበር" አለች።

"የኔ ልጅ፣ እድር የተቋቋመው ለሞተ ሰው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ምን ጎደለው?" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

"እርስዎስ ጋሼ? ራሴን ያዞረኛል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

"እሱማ ምች ነው። ዳማ ከሴ አሽትቼለታለሁ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሐሳቡም በዚያው ቀረ።

ከስብሰባው በኋላ ድንኳኑ ተተክሎ ይታይ ተባለ። ጋሽ ወንድይራድ ጠዋት ቁርጣቸውን በጨውና በሚጥሚጣ አጣጥመው የመጡ ናቸው። "እናንተ አትችሉበትም!" ብለው መዶሻውን ከጎረምሶቹ ቀሙና ካስማውን ራሳቸው ይመቱ ጀመር። ጥቂት እንደመቱ ዓይናቸው ጨለመ፤ እዚያው ተዘረሩ። አንዱ "ትንፋሻቸው የለም!" ብሎ ጮኸ።

ሲነቁ አዲሱ ድንኳን ከላያቸው ተወጥሯል። ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። ጡሩንባ ነፊው ማንም ሳያዘው ሰፈሩን እየዞረ ነው። አካፋና ዶማው ወጥቷል፤ ንፍሮው ተጥዷል። እድሩ እንዲህ ሲቀላጠፍ አይተው አያውቁም።

"ማነው የሞተው?" አሉ በደከመ ድምፅ።

የእድሩ ጸሐፊ ክው አለ። "እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ።"

ያን ጊዜ ፈሩ። ያ ሁሉ ሰው ለቀብራቸው ሲሯሯጥ ለሕይወታቸው የሮጠችው ሲስተር የሺሐረግ ብቻ ነበረች። ከጤና ጣቢያው መለኪያ ይዛ እያለከለከች ደረሰችና ክንዳቸውን ለካች።

"ጋሼ፣ ይሄ ምች አይደለም፤ ደም ግፊት ነው። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን።"

"ልጄ፣ መሞት አልፈልግም" አሉ እጇን ጥብቅ አድርገው ይዘው።

ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ድንኳኑስ? ይቆይ ወይስ ይነቀል?" ሲል ጠየቀ።

"ንቀሉት!" አሉ፤ ድምፃቸው እስከ ማዶ ተሰማ።

ዛሬ መድኃኒታቸውን አያቋርጡም፤ ጨውና ቁርጡንም ቀንሰዋል። እድሩም መለኪያ ገዝቷል፤ እሳቸው በየወሩ በሩ ላይ ተቀምጠው፣ "መጀመሪያ ክንድ፣ ከዚያ መዋጮ!" ይላሉ። ድንኳኑም የተመረቀው በጡሩንባ ነፊው ልጅ ሠርግ ነው።

የደም ግፊት ጡሩንባ አስነፍቶ አይመጣም፤ ደህና ነኝ ያለውን ሰው በቁሙ ይጥላል። አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለዚህ ነው። ስንሞት የሚቀብረን ሰው አላጣንም፤ ያጣነው ሳንሞት ክንዳችንን የሚለካ ነው። ለመሆኑ በእናንተ እድር ዕቃ ቤት ከድስቱና ከአካፋው ጎን ለኗሪ የሚሆን ምን አለ?