ድንጋዩን ማን ይሸከም

በአንድ ወቅት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር፣ በአንዲት የቆላ ከተማ የደንጊ ትኩሳት ገባ። ደንጊ ክፉ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሶች ይጨርሳል፤ እነሱ ሲያልቁ ሰው ከውስጡ ይደማል። ስለዚህ በከተማዋ ሆስፒታል የታማሚው ሁሉ ደም ይቆጠር ጀመር። የሚቆጥረው አንድ ማሽን ነበር።

ትርንጎ የላቦራቶሪው ባለሙያ ናት። ጠዋት ጠዋት የበሽተኛ ደም ከመግባቱ በፊት ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ የመፈተሻ ደም በማሽኑ ታሳልፋለች፤ የታወቀውን ቁጥር ከመለሰ ማሽኑ ጤነኛ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ፕሌትሌቱን ከታወቀው አብዝቶ መለሰ። ማሽኑን አጥባ ደገመችው። አሁን ለጥቂት ከልኩ ውስጥ ገባ። ደጁ ላይ በሽተኛው በቃሬዛና በሰው ጀርባ ሆኖ ይጠብቃል። መመሪያውም «ካልገባ ድገሙ፣ ከገባ ሥሩ» ይላል። ሥራ ጀመረች። ማሽኑ ግን አልዳነም። ደሙን በሚያቀጥነው ፈሳሽ ውስጥ ብናኝ ገብቶ ኖሮ፣ ብናኙን ከፕሌትሌት ጋር ይቆጥር ነበር።

ዶክተር መቅድም ሴቶቹ የተኙበትን ክፍል ትመለከታለች። በክፍሉ ደንጊው የከበደባቸው ሁለት ነበሩ። አንዷ አንጓች ናት፤ ከአባቷ ከአቶ ሽባባው ጋር ሰሊጥ አጨዳ የመጣች ልጅ፣ ከንጋት ጀምሮ የሚነስራት። ሌላዋ ዘቢደር ናት፤ ምጥ የያዛት። ከደም ባንክ የመጣው ፕሌትሌት ደግሞ አንድ ከረጢት ብቻ ነው። ከማሽኑ የመጣው ወረቀት የዘቢደር ሊያልቅ ነው፣ የአንጓች ደህና ነው ይላል።

«ዶክተር፣ የልጄ ደም እምቢ አለኝ፤ አይቆምም» አሉ አቶ ሽባባው። ጋቢያቸው ደም በደም ሆኗል።

«አባቴ፣ ቁጥሯ ደህና ነው። በዚህ ሙቀት ነስር ያጋጥማል» አለቻቸው። ከረጢቱን ለዘቢደር ሰቀለች። ዘቢደር በሰላም ተገላገለች። በኋላ በእጅ ሲቆጠርም የእሷ ፕሌትሌት በእርግጥ አልቆ ነበር።

አቶ ዘርጋው የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። ቀትር ላይ የአንጓችን ደም ለወባ ሲመረምር፣ በማይክሮስኮፑ ውስጥ ወባም የለ፣ ፕሌትሌትም የለ። የማሽኑን ውጤት አስመጥቶ አየ። ሁለቱ አልተገናኙም። ማሽኑን እዚያው አስቆመው።

«ለሐኪሞቹ ልደውል?» አለችው ትርንጎ።

«ምን ብለሽ? ያየሁት በአንድ መስታወት ላይ የተቀባ ጠብታ ነው፤ ደሙ ተጓጉሎ ፕሌትሌቱ ሳይታየኝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ውጤት ስህተት ነው ካልን ቀዶ ጥገና የሚጠብቁት ይቆማሉ። አጣርተን እንናገር።»

ተቀምጠው የጠዋቱን ደም ሁሉ በዓይናቸው ቆጠሩት። ብዙው ሕክምና የሚያስቀይር ስህተት አልነበረበትም። የአንጓች ግን ነበረበት። አቶ ዘርጋው ራሱ ሲደውል ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር፤ አንጓችም አባቷን መለየት አቅቷት ነበር። ወደ ትልቁ ሆስፒታል በአምቡላንስ ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ቀትር ላይ ብትሄድ ትተርፍ እንደሆነ ማንም እርግጡን አይናገርም። መንገዱ ሩቅ ነው።

ሆስፒታሉ ነገሩን አልደበቀም፤ ሽማግሌ ተቀመጠ። በዚያ አገር የሰው ሕይወት በእጁ የጠፋበት ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ከሐዘንተኛው እግር ሥር ይወድቃል፤ «ተነስ» እስኪባልም አይነሳም። ትርንጎ፣ ዶክተር መቅድምና አቶ ዘርጋው ሦስታችንም አብረን እንውደቅ አሉ። አቶ ሽባባው እምቢ አሉ።

«ድንጋይ ለሦስት ሲያዙት አይከብድም። እኔ ልጄን የቀበርኩት ብቻዬን ነው። አንድ ሰው ይምጣ።»

ሽማግሌዎቹ ሦስቱን በየተራ ጠየቋቸው።

ትርንጎ «የመጀመሪያውን ቁጥር አይቻለሁ። ድገሚ ያለኝ መመሪያው ነው፤ ሲገባልኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት» አለች።

ዶክተር መቅድም «ደሟን በዓይኔ እያየሁ ወረቀቱን አመንኩ። ከረጢቱን ለአንጓች ብሰጥ ግን የምትቀበረው ዘቢደር ነበረች» አለች።

አቶ ዘርጋው «ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ባላገኘው ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዝም ያልኩት ሌላ ሰው እንዳልገድል ብዬ ነው» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ለስህተቱ በሩን የከፈተ ነው የሚጠየቀው አለ። ሌላው፣ ደም አይቶ ወረቀት ያመነ ነው አለ። ሦስተኛው፣ አውቆ የዘገየ ካላወቀ ይብሳል አለ። ሳይስማሙ ተበተኑ። አቶ ሽባባው አጨዳው አልቆ ጓደኞቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብረው አልሄዱም። በተከራዩት ጎጆ ደጅ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ። ከሦስቱ ድንጋዩን ተሸክሞ እዚያ ደጅ መውደቅ የሚገባው ማን ነው?