የጋሽ አበጋዝ ሁለቱ ምስጢሮች

አንድ አስታራቂ ሽማግሌ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖሩ ነበር፤ ስማቸው ጋሽ አበጋዝ ነው። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ቢካሰሱ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። የሰው ምስጢር እሳቸው ሆድ ከገባ አይወጣም። ከምስጢር ሁሉ አጥብቀው የሚጠብቁት ግን የገዛ የክርስትና ስማቸውን ነበር። እንደምታውቁት በድሮው ሰው ዘንድ የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ መተተኛ ካወቀው በስሜ ይደግምብኛል ተብሎ ይፈራል። የጋሽ አበጋዝን የክርስትና ስም የሚያውቁት የንስሐ አባታቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ። ልጃቸው እንኳ ጠይቃ ጠይቃ ሲደክማት ትታዋለች። እኔም አላውቀውም፤ ባውቀውም አልነግራችሁም።

ይህች ልጃቸው ሌላ ከተማ የምታስተምር መምህርት ናት። አንድ ጊዜ ለበዓል ስትመጣ ዘመናዊ ስልክ ይዛላቸው መጣችና ቴሌግራም ከፈተችላቸው። ጋሽ አበጋዝ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ በየዕለቱ ማየት እጅግ ወደዱ። የስልኩን ጠባይ ግን ሊለምዱት አልቻሉም። የይለፍ ቃል ያውጡ ይላቸዋል፤ ያወጣሉ። አጭር ነው ይላቸዋል፤ ያስረዝሙታል። ቁጥር ይጨምሩበት ይላል፤ ሲጨምሩ ደግሞ ምልክት የለውም ይላል። "ይሄ ስልክ የልጅቷ አባት ሆነብኝ እኮ" ይሉ ነበር፤ "ሽማግሌ በተላከበት ቁጥር ዛሬ ሂዱ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል።"

አንድ ቀን ደግሞ ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ አለና የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች ይምረጡ አላቸው። በከተማይቱ የትራፊክ መብራት የሚባል ነገር የለም። ጋሽ አበጋዝ ሥዕሎቹን አቅርበውም አርቀውም አዩና "በዚህ ዕድሜዬ ሰው መሆኔን ለዕቃ ላስመሰክር?" ብለው ስልኩን ለእትዬ አስካለ አቀበሉ። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው የተመቻቸውን ሁሉ ነኩ። እሳቸውንም አልተቀበላቸውም።

በመጨረሻ ጋሽ አበጋዝ መላ አገኙ። በሰፈራቸው ሰው መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት አደራ ይሰጣል። እሳቸውም የይለፍ ቃላቸውን እንዳይረሱት ለጸጉር አስተካካያቸው፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና ለዕድሩ ጸሐፊ አደራ ሰጡ። ሲጠፋባቸው ወደቀረባቸው ጎራ ብለው "እስቲ ያችን ቃሌን አስታውሰኝ" ይላሉ። ጸጉር ቤት ከሆነ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ተቀባብሎ ይነግራቸዋል። ጋሽ አበጋዝ በዚህ ደስ ይላቸው ነበር። "ሰው ያለው ሰው ምን ይጠፋበታል" ይሉ ነበር፤ እኔም እነዚህን ሰዎች ሳስባቸው ፍቅራቸው ያሳሳኛል።

በዚያ ሰሞን ጋሽ አበጋዝ ከባድ ሽምግልና ይዘው ነበር። ንጋቱና አጥናፉ የሚባሉ ወንድማማቾች አባታቸው በተዉላቸው ወፍጮ ተጣልተው ወፍጮው ከቆመ ከርሟል። የሰፈሩ ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ወንዝ ማዶ ያስፈጫሉ። ወንድማማቾቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፊት ይዟዟራሉ፤ አሮጊት እናታቸው በሁለቱ መካከል ከስተው አልቀዋል። ጋሽ አበጋዝ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተመላልሰው ተመላልሰው ሁለቱንም እሺ አሰኙ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወፍጮ ቤቱ ደጅ ሊታረቁ ተቀጠረ። እናትየዋ "ይህን ሳላይ አትግደለኝ" ብለው ተስለው ነበር።

እሑድ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በዕድሩ ጸሐፊ ስም መልእክት ገባ። "ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ? ስልኬ ተበላሽቶብኝ ነው። አሁን በእርስዎ ስልክ ላይ አንድ ምስጢር ቁጥር ይመጣል፤ እባክዎ ለእኔ ይላኩልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።" ወዲያውም ቁጥሩ መጣ። አጠገቡ ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት። ጋሽ አበጋዝ አነበቡት። ነገር ግን ጸሐፊው "ማንም" አይደለም፤ የሚያውቁት ሰው ነው፤ ደግሞም በትሕትና ነው የለመናቸው። ላኩለት። ምርቃትም ጨመሩበት።

የጻፈው ጸሐፊው አልነበረም። የጸሐፊውን ቴሌግራም ቀድሞ የሰረቀ ሌባ ነበር፤ አሁን ደግሞ በተላከለት ቁጥር የጋሽ አበጋዝን ከፍቶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ጋሽ አበጋዝን አስወጥቶ እንደ አዲስ ይመዝገቡ አላቸው። እሳቸውም "እንደ ልማዱ አኮረፈ" ብለው ወደ ኪሳቸው መለሱት።

ሌባው በጋሽ አበጋዝ ስምና ፎቶ ለወዳጆቻቸው ሁሉ ጻፈ። "ልጄ፣ የማልናገረው ነገር ቸግሮኛል። የምትችለውን ገንዘብ በዚህ የባንክ ሒሳብ ላክልኝ። አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር።" ሰዉም ስለሚወዳቸው ላከ፤ ስለሚያከብራቸው ደግሞ ዝም አለ። ከላኩት አንዱ ታናሹ ወንድም አጥናፉ ነበር። ታላቁ ንጋቱ ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ስለሚይዝ ምንም አልደረሰውም። የአጥናፉ ሚስት ግን ነገሩን ወንዝ ማዶ ወፍጮ ተራ ስትጠብቅ ለአንዷ ሹክ አለች። እህሉ ተፈጭቶ ሳያልቅ ወሬው ንጋቱ ዘንድ ደረሰ።

ቅዳሜ ንጋቱ መጣና ግባ ሲሉት ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ነገ አልመጣም።"

"ምነው ልጄ? ምን ተገኘ?"

"ከአንዱ ወገን ገንዘብ የተቀበለ ሽማግሌ አያስታርቀኝም።"

"እኔ? ከማን ተቀበልኩ?"

"ከአጥናፉ። በስልክ ጠየቁት፣ ላከልዎ። እኔ እኮ እንደ አባቴ ነበር የማይዎት" አለና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ።

ጋሽ አበጋዝ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስታርቁ አድልተዋል ተብለው አያውቁም። እትዬ አስካለ ነገሩ ስላልገባቸው ለልጃቸው ደወሉ። ልጅቷ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ "አባዬ፣ በቅርቡ በስልክህ የመጣ ቁጥር ለሰው ሰጥተሃል?" ብላ ጠየቀች። ሲነግሯት "አባዬ፣ በስምህ ሌባ ገብቷል" አለች። ከዚያ ይህን ንካ፣ ያን ንካ እያለች መራቻቸው። ሲም ካርዱ በእጃቸው ስለነበር ቴሌግራማቸው ተመለሰ፤ ሌባውንም አስወጥተው ቁጥሩ ብቻውን እንዳይከፍተው የይለፍ ቃል ጨመሩበት። ጋሽ አበጋዝ በስማቸው የተጻፈውን ልመና አንድ በአንድ አነበቡ። በልጅ ልጃቸው ፎቶ የተሞላው ስልክ ላይ እንባቸው ጠብ አለ።

እትዬ አስካለ አጠገባቸው ቁጭ አሉ።

"አንተ ሰው፣ የክርስትና ስምህን ከገዛ ልጅህ የደበቅኸው ለምን ነበር?"

"በስሜ እንዳይደገምብኝ ነዋ።"

"ታዲያ ይኸው፣ በስምህ ተደገመብህ። ያ ቁጥር እኮ እንደ ክርስትና ስምህ ነበር። አንተ እግዜር ይስጥልኝ ላለህ ሁሉ ሰጠኸው።"

 "አልሰረቅሁም እኮ፣ አስካለ" አሉ ጋሽ አበጋዝ።

"አልሰረቅህም። በሩን ግን ከፍተሃል። አንተ ሰው ያስቀየመ ሰው ሲመጣብህ ምን ትለዋለህ?"

"ድንጋይ ተሸክመህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ እለዋለሁ።"

"እንግዲያው ድንጋዩ ደጅ ነው" አሉ እትዬ አስካለ፤ ይህን ሲሉ እጃቸው የባላቸውን ትከሻ ይደባብስ ነበር።

እሑድ ንጋቱ አልታረቅም ቢልም እናቱ ለምነውት ወፍጮ ቤቱ ደጅ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆመ። አጥናፉ በሌላው ወገን ቆሟል። የሰፈሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጋሽ አበጋዝ ከእትዬ አስካለ ጋር መጡ። ስንቱን በዳይ ድንጋይ ያሸከሙት ሽማግሌ ራሳቸው ትልቅ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ነበር። ሰዉ ደነገጠ። ሊቀበላቸው የተጠጋውን ሁሉ በዓይናቸው መለሱት።

"ልጆቼ" አሉ ጎንበስ እንዳሉ፣ "ለማንም አትስጥ የተባልሁትን ቁጥር ለሌባ ሰጥቻለሁ። ሌባው በስሜ ሲለምን ሰነበተ። ለአጥናፉ የጻፈው እኔ አይደለሁም፤ ደጁን የከፈትሁለት ግን እኔ ነኝ። በስሜ የተጻፈለት ሌላም ሰው ካለ አይደብቀኝ።"

 ጸጉር አስተካካዩ ወደ ፊት ወጣ። "ለእኔም ደርሶኛል፣ ልኬያለሁም። እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልሁት" አለ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትም እኔም አለ። ከኋላ አንዲት ሴት እኔም አለች። ይኼኔ የዕድሩ ጸሐፊ ከሰው መሀል ወጥቶ "የእኔ ከሁላችሁም በፊት ነው የተሰረቀው። ሞኝ እንዳልባል ደበቅሁት። ያኔ ተናግሬ ቢሆን ጋሼ ዛሬ ድንጋይ አይሸከሙም ነበር" አለና አንገቱን ደፋ።

ንጋቱ ሰማ። ሰውን ሁሉ የለመነ ሌባ ከሆነ ጋሼ ለማንም አላደሉም ማለት ነው። ቀና ሲል የሽማግሌው ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየና ሮጠ። አጥናፉም ያንኑ አይቶ ከወዲያ ሮጠ። አንዱ ድንጋዩን በቀኝ፣ አንዱ በግራ ያዘው። ድንጋዩ ከባድ ስለነበር አንዳቸው ቢለቀው የጋሽ አበጋዝን እግር ይጨፈልቃል። ስለዚህ አልለቀቁትም፤ ተጋግዘው ወስደው ወፍጮ ቤቱ በር ሥር አስቀመጡት። ቀና ሲሉ ፊት ለፊት ተያዩ። ፊቱን ያዞረ አልነበረም። እናታቸው እልል አሉ።

የተላከው ገንዘብ አልተመለሰም፤ ለፖሊስ ተነገረና በዚያው ቀረ። ወፍጮው ግን በሳምንቱ ተነሣ። ያ ድንጋይ ዛሬ የወፍጮ ቤቱን በር ክፍት አድርጎ ይይዛል።

ከጊዜ በኋላ ለጋሽ አበጋዝ በመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ስም ሌላ መልእክት መጣ፤ ቁጥር ይመጣል፣ ይላኩልኝ የሚል። ጋሽ አበጋዝ ጫማቸውን አድርገው መድኃኒት ቤት ድረስ ሄዱና "አንተ ነህ?" ብለው ጠየቁ። አይደለሁም አላቸው። እዚያው ቆመው በአንድ ጣታቸው ቀስ እያሉ መልስ ጻፉ። "ልጄ፣ መጀመሪያ የክርስትና ስምህን ላክልኝ።" እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

ወዳጆቼ፣ ሌባ ወደ ቤታችን የሚገባው በደግነታችን በኩል ነው። እምቢ ማለት ያሳፍረናል፤ የሚያውቁትን ሰው መጠርጠር ነውር ይመስለናል፤ ከተታለልን ደግሞ ሞኝ እንዳንባል እንደብቀዋለን። ደግነቱን አትተዉት፤ ያለ እሱ ያን ድንጋይ ማን ያነሣው ነበር? ነገር ግን ምስጢር ቁጥራችሁን እንደ ክርስትና ስማችሁ ጠብቁት። የምታውቁት ሰው በጽሑፍ ሲለምናችሁ ድምፁን ሳትሰሙ አትስጡ። ከተታለላችሁም ዕለቱን ተናገሩ፤ የእናንተ ዝምታ ለሌባው የሚቀጥለውን በር ይከፍትለታል።

እስቲ አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፤ የእናንተን የይለፍ ቃል ጸጉር ቤት ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ያውቀው ይሆን?